ቤት ሙሉ የሚያቀዘቅዝ ኤሲ፦ አመራረጥ፣ ገጠማና አያያዝ

ኤሲ ሊያስገባ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ብራንድ ይሻላል?» ብሎ ነው። መጠየቁ አይከፋም። ግን ተራው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ላይ ነው። ትልልቆቹ አምራቾች የሚሠሯቸው ማሽኖች ተከፍተው ሲታዩ ያን ያህል አይራራቁም። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ማሽን ገዝተው አንዱ ተመችቶት ሲተኛ ሌላው ሲያልበው የሚያድረው በሌላ ምክንያት ነው፦ በልኬቱ፣ በአየር ቱቦውና በገጣሚው እጅ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንገልብጠው። መጀመሪያ ቤቱ፣ ቀጥሎ ልኬቱ፣ ቀጥሎ ቱቦው፣ ማሽኑ ከዚያ በኋላ።

ማሽኑ ምን ይሠራል?

ለብቻው በቆመ ቤት ውስጥ የሚገጠመው ማዕከላዊ ኤሲ ለሁለት የተከፈለ ነው። ውጭ መሬት ላይ የሚቀመጠው ሳጥን ጋዙን የሚጨምቀውን ኮምፕሬሰር፣ የውጩን ኮይል (ጋዙ የሚያልፍበትን ጥምዝምዝ ቱቦ) እና ትልቁን ፋን ይዟል። ጣራ ሥር፣ ምድር ቤት ወይም አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ ቀዝቃዛው ኮይልና አየሩን በአየር ቱቦ ወደ ክፍሎቹ የሚገፋው ፋን ይቀመጣሉ። ሁለቱን የሚያገናኙት ሁለት የመዳብ ቱቦዎች ናቸው፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። የማቀዝቀዣው ጋዝ በእነዚህ እየተመላለሰ የቤቱን ሙቀት ውስጥ ይቀበልና ውጭ ይጥላል። ኤሲ ቅዝቃዜ አያመርትም፤ ሙቀት ተሸክሞ ያወጣል።

ሌላም ሥራ አለው። አየሩ ቀዝቃዛውን ኮይል ሲነካ በውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ዊሊስ ካሪየር እ.ኤ.አ. በ1902 ብሩክሊን ውስጥ ለነበረ አንድ ማተሚያ ቤት ማሽኑን የነደፈው ለዚሁ ነበር። እርጥበቱ ወረቀቱን እየለጠጠና እየሰበሰበ ቀለሞቹ አልገጥም ብለው አስቸግረው ነበር። የሰው ምቾት በኋላ የመጣ ጉዳይ ነው። ይህን ያነሳሁት ለታሪኩ ብዬ አይደለም። ኤሲ ስትመርጡ እርጥበቱን ከረሳችሁት ቀዝቃዛ፣ ግን የሚያጣብቅ ቤት ውስጥ ትቀመጣላችሁ።

ደረጃ 1፦ ቤቱን አስቀድሙ

ጣራ ሥር ውጡና ኢንሱሌሽኑን፣ ማለትም ሙቀት የሚከላከለውን ሽፋን እዩት። ሳስቶ ወይም ቦታ ቦታ ተነስቶ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስሞሉ። በበርና በመስኮት ጠርዝ፣ በኮርኒስ መብራቶች ዙሪያ፣ ቧንቧና ገመድ ግድግዳ በሚበሳበት ሁሉ ያለውን ክፍተት ድፈኑ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታው የምዕራብ መስኮት ከውጭ ጥላ ካገኘ ለውጡ ትልቅ ነው። መጋረጃ ከውስጥ ሲሆን ፀሐዩ መስታወቱን አልፎ ገብቷል፤ ከውጭ የሚከልል ነገር ግን ሳይገባ ይመልሰዋል።

ቅደም ተከተሉ ለምን እንዲህ ሆነ? ማሽኑ ከተገዛ በኋላ ቤቱን ብታሻሽሉት ማሽኑ ለቤቱ ትልቅ ሆኖ ይቀራል። ትልቅ መሆኑ ደግሞ ጣጣ አለው።

ደረጃ 2፦ ልኬቱን በስሌት አሠሩ

በኤሲ ቋንቋ «ቶን» የማሽኑ ክብደት አይደለም። ቤት በበረዶ ይቀዘቅዝ ከነበረበት ዘመን የቀረ መለኪያ ነው፤ አንድ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲቀልጥ የሚወስደውን ሙቀት ይገልጻል። በሰዓት 12,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ) ነው፤ ወደ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ማለት ነው። ለመኖሪያ ቤት የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 5 ቶን ናቸው።

ብዙ ሻጮች የቤቱን ስፋት ይጠይቁና በአንድ ቁጥር አባዝተው ቶኑን ይነግሯችኋል። ይህ በአቦ ሰጡኝ ነው። 200 ካሬ ሜትር የሆኑ ሁለት ቤቶችን አስቡ። አንደኛው በዛፍ የተከለለ፣ ጣራው በደንብ የተሸፈነ ነው። ሁለተኛው ሰፋፊ የምዕራብ መስኮቶች ያሉት፣ ጣራ ሥሩ ባዶ የሆነ ነው። የሁለቱ ፍላጎት በእጥፍ ሊለያይ ይችላል።

ትክክለኛው ስሌት የግድግዳውንና የጣራውን ኢንሱሌሽን፣ የመስኮቶቹን ስፋትና አቅጣጫ፣ አየር የሚያስገባውን ክፍተት፣ የነዋሪውን ብዛት፣ የአካባቢውን የሙቀት ቀናት ሁሉ ያስገባል። በአሜሪካ ማንዋል ጄ የሚባለው የስሌት ዘዴ በዚህ የታወቀ ነው። ስሌቱ ክፍል በክፍል ከተሠራ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ለየክፍሉ ምን ያህል አየር እንደሚያስፈልግ ያሳያል።

«ትልቅ ይሁን፣ ለክፉ ቀን ይሆናል» የሚለውን ሐሳብ ተዉት። ከልክ በላይ የሆነ ማሽን ቤቱን በጥቂት ደቂቃ ያቀዘቅዝና ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይነሳል። አሁንም ይጠፋል። እርጥበት ግን ጊዜ ይፈልጋል። ኮይሉ እስኪቀዘቅዝ፣ ውሃው ላዩ ላይ እስኪጠራቀምና ወደ መውጫው መንጠባጠብ እስኪጀምር ደቂቃዎች ያልፋሉ። ማሽኑ ከዚያ በፊት ከጠፋ ያ ውሃ ተንኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቴርሞስታቱ 24 ዲግሪ ይላል፤ ሰው ግን ይወብቀዋል፤ ዝቅ ያደርገዋል፤ ቆጣሪውም ይሮጣል። በዚያ ላይ ኮምፕሬሰርን በጣም የሚያደክመው ደጋግሞ መነሳቱ ነው።

ልኩን የጠበቀ ማሽን በዓመቱ ሞቃት ከሰዓት በኋላዎች ሳያቋርጥ ቢሠራ አትደንግጡ። የተሰላው ለዚያ ነው።

አሮጌ ማሽን የምትቀይሩ ከሆነ የድሮውን ቶን ዝም ብላችሁ አትድገሙት። የመጀመሪያው ገጣሚ ገምቶ አስገብቶት ይሆናል። መስኮትም ቀይራችሁ፣ ክፍልም ጨምራችሁ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 3፦ የአየር ቱቦውን መርምሩ

አብዛኛው ገንዘብ በዝምታ የሚፈስሰው እዚህ ነው። የአሜሪካው ኢነርጂ ስታር ፕሮግራም እንደሚለው፣ በተለመደ ቤት ውስጥ በቱቦው ከሚያልፈው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው በክፍተት፣ በቀዳዳና በላላ መገጣጠሚያ ይጠፋል። ቱቦው ያለው ጣራ ሥር ከሆነ ከፍላችሁ ያቀዘቀዛችሁትን አየር ለቆርቆሮው እየሰጣችሁ ነው።

ራሳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ፋኑን ብቻ አስነሱ። ከሶፍት ቀጭን ቁራጭ ቅደዱና በቱቦዎቹ መገጣጠሚያ ዙሪያ ቀስ እያላችሁ አሳልፉት። አየር ሰጪው ቱቦ ላይ ከሆነ ወረቀቱ ወደ ውጭ ይርገበገባል። መላሹ (አየሩን ከክፍሎቹ ወደ ማሽኑ የሚመልሰው) ላይ ከሆነ ይሳብና ይለጠፋል። የአቧራ ጥቁር መስመር የተሠራበት መጋጠሚያም አየር ሲያልፍበት የከረመ ነው።

ለማሸግ ማስቲክ ተጠቀሙ። እንደ ወፍራም ቀለም በብሩሽ የሚቀባ፣ ሲደርቅም የሚለጠጥ ማሸጊያ ነው። የተለመደውን ጨርቃማ ፕላስተር አትመኑት። የሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተለያዩ ማሸጊያዎችን በሙቀትና በቅዝቃዜ እያፈራረቁ ሲፈትኑ ቀድሞ የለቀቀው እሱ ነበር።

ቀጥሎ መላሹን አየር እዩ። ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለሚነፍሰው ቀዳዳ ነው። ግን ወደ ክፍል የገባ አየር መመለሻ ካላገኘ አይገባም። እንዲህ ሞክሩት፦ ማሽኑ እየሠራ የመኝታ ቤቱን በር ጣት የምታስገባ ስንጥቅ እስኪቀር ድረስ ዝጉትና ልቀቁት። በሩ በራሱ ከተገፋ ክፍሉ ታፍኗል። መፍትሔው ለክፍሉ የራሱን መላሽ ቱቦ መዘርጋት ወይም በበሩ በላይ አየር የሚያሳልፍ ወንፊት መግጠም ነው። የበሩን ግርጌ መቁረጥ ለትንሽ ክፍል ይረዳል፤ ለትልቅ መኝታ ቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም።

ተጣጣፊው ቱቦ ደግሞ ተወጥሮ መዘርጋት አለበት። መሬት ላይ የተረሳ ገመድ መስሎ የተጠማዘዘ፣ ጥግ ላይ የታጠፈ ወይም ሳጥን የተጫነበት ቱቦ ካገኛችሁ የዚያ ክፍል ሙቀት ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው።

ባለሙያው ሁለት ነገር ይለካላችሁ። አንደኛው የአየሩ መጠን ነው፤ ለእያንዳንዱ ቶን በሰዓት ወደ 680 ሜትር ኩብ ገደማ ይጠበቃል። እርጥበት በበዛበት አካባቢ ትንሽ ዝቅ ይደረጋል። ሁለተኛው በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ነው። ብዙ የቤት ማሽኖች የሚሠሩት 125 ፓስካል ገደማ ታስቦ ነው። ከዚያ በጣም ካለፈ ቱቦው ለማሽኑ ጠቧል። እንዲህ ባለ ቱቦ ላይ ትልቅ ማሽን መጨመር ችግሩን ያባብሰዋል።

በነገራችን ላይ ሰው የማይገባበትን ክፍል ቀዳዳ መዝጋት ወጪ ይቀንሳል የሚለው ወሬ እንደዚህ ላለው ማሽን አይሠራም። ማሽኑ ያንኑ ያህል አየር ሊገፋ ይታገላል፤ ግፊቱ ይጨምራል፤ በየክፍተቱ የሚወጣውም ይበዛል።

ደረጃ 4፦ አሁን ማሽኑን ምረጡ

ዋናው ምርጫ የፍጥነቱ ነው። ባለ አንድ ፍጥነት ማሽን ወይ ሙሉ በሙሉ ይሠራል ወይ ይጠፋል። ርካሽና ቀላል ነው፤ ሲበላሽም ለመጠገን አያስቸግርም። ባለ ሁለት ፍጥነቱ አብዛኛውን ቀን በዝቅተኛው ይሠራና በጣም ሲሞቅ ወደ ላይ ይወጣል። ኢንቨርተር የሚባለው ደግሞ እንደ ሙቀቱ ራሱን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ድምፁ ዝቅተኛ ነው፤ ረጅም ጊዜ በቀስታ ስለሚሠራ እርጥበትን በደንብ ያወጣል። ግን የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ውድ ነው፤ የሚያውቀው ባለሙያም በየቦታው አይገኝም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ደረቅና ሞቃት አካባቢ ላለ ሰው ጥሩ ባለ አንድ ፍጥነት ከጥሩ ቱቦ ጋር ይበቃዋል። እርጥበት ያለበት ሰው ግን ቢያንስ ባለ ሁለቱን ያስብ።

የቁጠባ ደረጃው በአሜሪካ ሲር በሚባል ቁጥር ይገለጻል፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ሲር 2 ተብሎ በጠበቀ ፈተና ይለካል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መብራት ይቆጥባል። ኤሲ በዓመት ሁለት ወር ብቻ የሚያስነሳ ሰው ግን የመጨረሻውን ከፍተኛ ቁጥር ቢገዛ ትርፉ ወጪውን አይመልስለትም። ሌላው፣ ቁጥሩ የሚሠራው የውስጡና የውጩ ክፍል አብረው እንዲሠሩ የተመሰከረላቸው ጥንድ ሲሆኑ ነው። የውጩን ብቻ ቀይራችሁ የውስጡን አሮጌ ብትተዉት ማስታወቂያው ላይ ያያችሁት ቁጥር የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል።

ስለ ጋዙም ጠይቁ። አር-22 የሚባለው የቆየ ጋዝ ኦዞንን ስለሚጎዳ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ መመረትም መግባትም አቁሟል። የተካው አር-410ኤ ኦዞንን ባይነካም ምድርን በማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,000 እጥፍ በላይ ስለሆነ እሱም እየወጣ ነው። አዳዲሶቹ ማሽኖች አር-32 ወይም አር-454ቢ ይዘው ይመጣሉ። እነዚህ በመጠኑ ተቀጣጣይ ናቸው። ለዚህ ነው ማሽኖቹ የራሳቸው የደህንነት መሣሪያ ያላቸው። አንዱን ጋዝ ለሌላው በተሠራ ማሽን ውስጥ ማስገባት አይቻልም።

ቤታችሁን በቀዝቃዛው ወራት የምታሞቁ ከሆነ ሂት ፓምፕንም ተመልከቱ። ያው ኤሲ ነው፤ አንድ ቫልቭ ተጨምሮበት ጋዙን ወደ ኋላ ስለሚያዞር የውጩን ሙቀት ወደ ቤት ያስገባል።

ደረጃ 5፦ ገጣሚውን ምረጡ

ቢያንስ ሦስት ባለሙያ ጥሩ። ቤቱን ሳያይ በስልክ ቶን የሚናገረውን አመስግናችሁ ሸኙት። ጣራ ሥር የወጣው፣ መስኮት የቆጠረው፣ መላሹን ቀዳዳ በሜትር የለካው ሰው ዋጋው ትንሽ ቢወደድ እንኳ ይሻላል።

በጽሑፍ ይስጣችሁ፦ የስሌቱን ውጤት፣ የሁለቱንም ክፍሎች ሞዴል ቁጥር፣ ቱቦው ላይ የሚሠራውን ሥራ፣ ሲጨርስ የሚለካቸውን ነገሮች፣ የማሽኑንና የእጅ ሥራውን ዋስትና ለየብቻ። የሥራ ፈቃድና የኤሌክትሪክ ፍተሻ የሚጠየቅበት አካባቢ ከሆነ ማን እንደሚያወጣው አስቀድማችሁ ተስማሙ። ዋስትናውን ራሳችሁ አስመዝግቡ። ብዙ አምራቾች በጊዜው ላልተመዘገበ ማሽን ዓመቱን ያሳጥሩታል።

ደረጃ 6፦ የገጠማው ቀን

ገጠማው ለባለሙያ የሚተው ሥራ ነው። በጋዙ፣ በብየዳውና በኤሌክትሪኩ ቀልድ የለም። እናንተ ግን ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ምን እንደምታዩ ካወቃችሁ።

*የውጩ ሳጥን።* ደልዳላ መሠረት ላይ፣ በውሃ ልክ ይቀመጥ። ዙሪያውን ወደ 60 ሴንቲሜትር፣ ከላዩ ወደ 1.5 ሜትር ክፍት ቦታ ይኑረው። የአምራቹ መመሪያ የተለየ ካለ እሱ ይቀድማል። ከመኝታ ቤት መስኮት ሥር አታስቀምጡት፤ የጎረቤትንም መስኮት አስቡ። የልብስ ማድረቂያ ጭስ ማውጫም አጠገቡ አይሁን፤ ብናኙ ኮይሉን ይደፍነዋል።

*ብየዳው።* የመዳቡ ቱቦ ሲበየድ በውስጡ ናይትሮጅን ቀስ እያለ መፍሰስ አለበት። ካልፈሰሰ ውስጡ በጥቁር ቅርፊት ይሞላል። ቅርፊቱ ውሎ አድሮ ቀጭኑን ቫልቭ ይዘጋል። ሲጨርስ ቱቦውን በናይትሮጅን ግፊት ሞልቶ ጌጁ እንዳይወርድ ይጠብቃል።

*ቫኪዩሙ።* በዚህ ቀን አንድ ነገር ብቻ የምታዩ ከሆነ ይሄን እዩ። ባለሙያው ፓምፕ ያያይዝና በቱቦው ውስጥ ያለውን አየርና እርጥበት ይመጥጣል። ከፓምፑ ሌላ በቱቦው ውስጥ የቀረውን ግፊት በማይክሮን የሚቆጥር ትንሽ ዲጂታል መለኪያ ማየት አለባችሁ። የተለመደው ጌጅ ለዚህ አይበቃም። ቁጥሩ ከብዙ ሺህ ተነስቶ እየወረደ ከ500 በታች ይገባል። ከዚያ ፓምፑን ይዘጋውና ይጠብቃል። ቁጥሩ ትንሽ ወጣ ብሎ ከቆመ ደህና ነው። ከፍ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ከተኛ እርጥበት ቀርቷል፤ እንደገና ይመጠጥ። ሳያቋርጥ ከወጣ የሚያፈስ ቦታ አለ። እርጥበት ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ አሲድ ይፈጥራል፤ ኮምፕሬሰሩን ከውስጥ የሚበላውም እሱ ነው። ስለዚህ «ሩብ ሰዓት ሠርቷል፣ ይበቃዋል» የሚለውን ባለሙያ ቁጥሩን አሳየኝ በሉት።

*ጋዙ።* ማሽኑ ከፋብሪካ ሲመጣ ለተወሰነ የቱቦ ርዝመት የሚበቃ ጋዝ ይዞ ነው። ቱቦው ከዚያ ከረዘመ ተጨማሪው በሚዛን ተመዝኖ ይገባል። በመዳፍ ዳሶ «በቃ ቀዝቅዟል» ማለት ልኬት አይደለም።

*የውሃ መውጫው።* ከውስጡ ኮይል የሚወጣው ቱቦ ወደ ታች ያዘንብል፤ በሜትር 1 ሴንቲሜትር ያህል ይበቃል። ውስጡ ያለው ማሽን ከኮርኒስ በላይ ከሆነ ሥሩ ሌላ ትርፍ ሳህን ይኑረው። ሳህኑ ላይ ውሃ ሲሞላ ማሽኑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ አስገጥሙ። ዋጋው ከማሽኑ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። የተበላሸ ኮርኒስ ማሠራት ግን ኢምንት አይደለም።

*ኤሌክትሪኩ።* የራሱ መስመር፣ ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ የሚለውን ብሬከር፣ ከውጩ ሳጥን አጠገብ ደግሞ ማቋረጫ ያስፈልገዋል። ከሰሌዳው የበለጠ ብሬከር አይገባም።

*ቴርሞስታቱ።* ከወለል 1.5 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በውስጠኛ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ፀሐይ፣ መብራት፣ ቴሌቪዥን ወይም የኤሲው ንፋስ የሚያገኘው ቦታ አይሁን። ከጀርባው ገመዱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ካልተደፈነ ከግድግዳው ውስጥ የሚመጣ ሞቃት አየር ያሳስተዋል።

ሁሉም ሲያልቅ ማሽኑ 15 ደቂቃ ያህል ይሥራ። ቴርሞሜትር መጀመሪያ መላሹ ቀዳዳ ላይ፣ ቀጥሎ ለማሽኑ ቅርብ የሆነው መውጫ ላይ አድርጉ። ልዩነቱ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ጥሩ ነው። አየሩ በጣም እርጥብ ከሆነ ዝቅ ሊል ይችላል። ውጭ ወጥታችሁ የወፍራሙን ቱቦ መሸፈኛ ገለጥ አድርጋችሁ ንኩት፤ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበት ባለበት ቀን ያልበዋል። ቀጭኑ ለብ ይላል። የተለኩትን ቁጥሮች በወረቀት ተቀበሉና ማሽኑ አጠገብ ለጥፉ። ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ባለሙያ ያመሰግናችኋል።

ደረጃ 7፦ አያያዝ

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ሥራ የእናንተ ነው፤ ዕውቀትም ብዙ አይፈልግም።

ማጣሪያውን በየወሩ አውጡና ወደ መብራት አንሱት። ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ቀይሩት። ቀጭኑ ከአንድ እስከ ሦስት ወር፣ 10 ሴንቲሜትር የሚወፍረው ከስድስት ወር እስከ ዓመት ያገለግላል። ውሻ ወይም ድመት ያለበት ቤት ያጥራል። ጠርዙ ላይ ያለው ቀስት አየሩ ወደሚሄድበት፣ ማለትም ወደ ማሽኑ ማመልከት አለበት። የማጥራት አቅሙ መርቭ በሚባል ቁጥር ይለካል። መርቭ 8 ለተራ አቧራ ይበቃል፤ መርቭ 13 ጭስና በጣም ደቃቅ ብናኝ ይይዛል። ግን ቀጭን የሆነ መርቭ 13 አየሩን ሊያፍን ይችላል። ከፍ ያለውን የፈለገ ሰው ወፍራሙን የሚቀበል ሳጥን ያስገጥም።

የውጩን ኮይል በዓመት አንድ ጊዜ እጠቡት። መጀመሪያ ማቋረጫውን አጥፉ። ቅጠሉንና ሣሩን በእጅ ልቀሙ። ከዚያ በተራ የአትክልት ጎማ በዝግታ አጠቡት፤ ቢቻል የላዩን ክዳን ከፍቶ ከውስጥ ወደ ውጭ። ከውጭ ብቻ ከተረጨ ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይሰነቀራል። ውሃ በኃይል የሚረጨውን የመኪና ማጠቢያ እንዳትሞክሩ፤ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎቹን አጥፎ አየሩን ይዘጋዋል።

የውሃ መውጫው ውስጥ አልጌና አተላ ያድጋል። ኤሲ በሚሠራበት ወቅት በየጥቂት ወሩ በመፈተሻ አፉ አንድ ስኒ ነጭ ኮምጣጤ ጨምሩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በውሃ አጠቡት። ውሃው በሌላኛው ጫፍ መውጣቱን ሳታዩ አትሂዱ።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሙቀቱ ከመግባቱ በፊት ባለሙያ ጥሩ። ካፓሲተሩን (ሞተሮቹን ለማስነሳት ኃይል የሚያጠራቅመውን ዕቃ) በመለኪያ ይፈትሽ፣ የኤሌክትሪክ ማያያዣዎቹን ያጥብቅ፣ የውስጡን ኮይል ይይ፣ የአየሩን የሙቀት ልዩነት ይለካ። ካፓሲተሩን ራሳችሁ አትንኩ። መብራት ጠፍቶም ውስጡ ኃይል ይዞ ይቆያል።

ችግር ሲመጣ

ጭራሽ ካልተነሳ በቀላሉ ጀምሩ፦ የቴርሞስታቱ ባትሪ፣ ብሬከሩ፣ የውጩ ማቋረጫ፣ ተንሳፋፊው ማጥፊያ። ብሬከሩን አንድ ጊዜ መልሱት። ደግሞ ከወደቀ ተዉት፤ ምክንያት አለው።

የውጩ ሳጥን እያጉረመረመ ፋኑ የማይዞር ከሆነ ብዙ ጊዜ ካፓሲተሩ ነው። ቶሎ አጥፉት። ፋኑ ቆሞ ኮምፕሬሰሩ ሲሠራ ይጋጋላል።

ኮይሉ ወይም ወፍራሙ ቱቦ በረዶ ከሠራ፣ ወይ አየር አንሷል ወይ ጋዝ ጎድሏል። ማቀዝቀዣውን አጥፉና ፋኑን ብቻ አስነሱ። በረዶው እስኪቀልጥ ሰዓታት ይፈጃል። በመሣሪያ አትፈልፍሉት። ማጣሪያውን ቀይሩና የተዘጉትን ቀዳዳዎች ሁሉ ክፈቱ። ደግሞ ከሠራ ባለሙያ ጥሩ።

ስለ ጋዝ አንድ ነገር ላስምርበት። ጋዝ እንደ ነዳጅ አያልቅም። በዝግ ቱቦ ውስጥ ስለሚዞር ማሽኑ እስኪሞት መቆየት አለበት። ከጎደለ ያፈሰሰበት ቦታ አለ ማለት ነው። በየዓመቱ መጥቶ «ጋዝ ልሙላላችሁ» የሚል ሰው ቀዳዳ ባልዲ እየሞላ ነው የሚያስከፍላችሁ። መጀመሪያ ቀዳዳውን ይፈልግ።

ማሽኑን አጥፍታችሁ ከሆነ መልሳችሁ ለማስነሳት 5 ደቂቃ ጠብቁ፤ በሁለቱ ወገን ያለው ግፊት ይስተካከል። ቴርሞስታቱን 16 ላይ ማውረድም ቤቱን ቶሎ አያቀዘቅዘውም። ባለ አንድ ፍጥነት ማሽን 16ም በሉት 24 የሚሠራው በዚያው ኃይል ነው፤ ልዩነቱ መቼ እንደሚያቆም ብቻ ነው።

መጠገን ወይስ መቀየር? ማሽኑ ከ15 ዓመት በላይ ከሆነና የሞተው ኮምፕሬሰሩ ወይም ያፈሰሰው የውስጡ ኮይል ከሆነ መቀየሩ ያዋጣል። በተለይ አር-22 የሚጠቀም ከሆነ አታመንቱ፤ ጋዙ በአሜሪካ ከተጠራቀመና ከታደሰ ብቻ ስለሚገኝ ውድ ነው። የሞተው ካፓሲተር፣ ኮንታክተር (የኮምፕሬሰሩን መብራት የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ) ወይም የፋን ሞተር ከሆነ ግን ጠግናችሁ ቀጥሉ። ለእነዚህ ብሎ ሙሉ ማሽን ቀይሩ የሚላችሁ ካለ ሁለተኛ ባለሙያ ሳታሳዩ እሺ አትበሉ።